«ዞው» ሲል ምን ማለቱ ነበር

ግዋት ኒዮ በሦስት ቋንቋ መሳደብ ትችል ነበር። አንዱን ከጃቫ ገበያ ለቅማዋለች፣ አንዱን የአባቷ ቤተሰብ ከደቡብ ቻይናዋ ፉጂያን ይዞት ተሰዷል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ይህ የሰሜን ቻይና ኮሌጅ በሁለት ዓመት ውስጥ አስተምሯታል። ያን ዕለት ጓድ ፓንግ ፊት ቆማ ግን ሦስቱም ተደምረው አልበቋትም።

ፓንግ የኮሌጁ የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ተማሪዎቹ ከክፍል እየወጡ የሚቆፍሩትን የግድብ ሥራም የሚመራው እሱ ነው። ከብርጭቆው ሙቅ ውሃ ፉት አለና፣ "ወንድምሽ «ዞው» ብሎ ጮኋል። ብሏል ወይስ አላለም?" አላት።

"ብሏል።"

"«ዞው» ደግሞ እንሂድ ማለት ነው። ሥራውን ጥለን እንሂድ! ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። እሱ እንሂድ ሲል ረድፉ ተበተነ፣ ግርግር ሆነ፣ በግርግሩ አፈሩ ተናደ፣ ማ ሱልዋን ተቀበረች። አለቀ።"

"አፈሩ የተናደው ሥሩ ስለተቦረቦረ ነው፣ ጓድ ፓንግ።"

"የምትማሪው የአፈር ትምህርት ነው ወይስ የእንስሳት ሕክምና?"

"የእንስሳት ሕክምና።"

"እንግዲያው ስለ ላም ሲሆን አስረጂኝ።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፓንግ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰው ሊያጠፋ ነው ማለት ነው፣ ኮሌጁ ሁሉ ያውቃል። "ስሚኝ፣ ጓድ ው፣" አላት። ቤተሰባቸው በደቡብ አነጋገር «ጎ» ይባላል፤ ሰሜኖቹ ያንኑ ፊደል «ው» ብለው ስለሚያነቡት ኮሌጅ የገቡ ዕለት ስማቸውም አብሮ ተቀይሮ ነበር። "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ከነገ ወዲያ ስብሰባ አለ፤ ከአውራጃም ሰው ይመጣል። ተነሥተሽ፣ ወንድሜ ከሙቀት አገር የመጣ ነው፣ ብርዱና ድካሙ ቢከብደው እንሂድ ብሎ ጮኸ፣ በይ። ድካም ነው ይባልለታል። አንድ ዓመት እርሻ ጣቢያ ይሠራና ይመለሳል። ሌላ ነገር ከቀባጠርሽ ግን ሥራ ለማሰናከል ሰው አነሣስቷል ነው የሚባለው። ያን ጊዜ ጉዳዩ የኮሌጁ አይደለም፤ የፖሊስ ነው። ሰው ሞቷል እኮ! አስቢበት።"

"እንሂድ አላለም። ሩጡ ነው ያለው።"

"ሩጡማ «ፓው» ነው። ድዱ ላይ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ያውቀዋል።"

"በኛ ቤት ሩጥ «ጻው» ነው የሚባለው። ሲጻፍ ፊደሉ ያው የናንተው «ዞው» ነው።"

"በኛ ቤት! በኛ ቤት!" ፓንግ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። "አገራችሁ ከተመለሳችሁ ሁለት ዓመት አለፈ። እስከ መቼ ነው በኛ ቤት?"

መመለስ! ይህቺን ቃል በሰማች ቁጥር ግዋት ኒዮ ቆሽቷ ይደብናል። እሷና ወንድሟ የተወለዱት ጃቫ፣ ፔካሎንጋን ነው። አባታቸው እንኳ ከፉጂያን የወጣው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። ያልሄደ ሰው እንዴት አድርጎ ይመለሳል? ግን እናት አገር ልጆቿን ትጣራለች፣ ኑና ተማሩ፣ ኑና ገንቡ ተባለ፤ የቻይኖች ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ልቡ ተነቀለ። ወደቡ ላይ እየዘመሩ ተሳፈሩ። የጃቫ ፖሊስ ዳግመኛ እዚህ አገር ላትመጡ ፈርሙ ሲላቸው እሷ ሳታቅማማ ፈረመች። ታናሽ ወንድሟ ቢንግ ሊዮንግ ግን ብዕሩን እንደያዘ ዞሮ አያት።

"አቺ፣ እማዬን በምን እናያታለን?"

አቺ ማለት እትዬ እንደማለት ነው። እሱ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

"እናስመጣታለን! ፈርም፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ፈረመ። እንግዲህ ያስፈረመችው እሷ ናት፣ ከዚህ ጣጣ የምታወጣውም እሷ መሆን አለባት። ከፓንግ ቢሮ ስትወጣ ሌላ ነገር በራሷ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ከአራት ቀን በፊት ነው። ግድቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ሁለት ኮረብታ መሀል የሚሠራ ነው፤ አፈሩ ቢጫ፣ ቁልቁለቱ ከቤት ጣሪያ በላይ የቆመ ገደል። ፓንግ ከአዲሱ ዓመት በፊት በሥራ ለቀደመ የሚሰጠውን ቀይ ባንዲራ ለኮሌጁ አመጣለሁ ብሎ ምሏል። ከላይ ወደታች በደረጃ መቆፈር ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ፣ "ከሥሩ ቦርቡሩት፣ ከላይ ያለው በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ እናንተ መዛቅ ብቻ ነው" አለ። በድምፅ ማጉያ ነው ያለው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህ ሰው ግን ከሥሩ የያዘው የማይያዘውን ነው።

ቢንግ ሊዮንግ በቅርጫት አፈር እየሞላ ነበር። ፊት ለፊቱ ማ ሱልዋን ነበረች፤ የዚያው አገር ልጅ፣ የገበሬ ልጅ፣ በኮሌጁ ሳቋ ከደወል ቀድሞ የሚሰማ። የሰሜኑን ቋንቋ ያስተካከለችለት እሷ ናት። "ምላስህን ወደላይ ጠቅልላት እንጂ፣ ምን ጠፍጣፋ ዓሣ ታስመስላታለህ!" እያለች ስታሾፍበት ትውላለች፤ እሱም ሆን ብሎ ይሳሳትላታል። ግዋት ኒዮ ይህን አይታ ዝም ብላ ነበር። ለእማዬ የምጽፈው ነገር አገኘሁ ብላ በሆዷ ደስ ብሏታል።

ያን ቀን ቢንግ ሊዮንግ ቀና ሲል ገደሉ አናት ላይ አፈር እንደ ዱቄት ሲንቆረቆር አየ። ወዲያው ጮኸ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የባሕር ማዶ ተማሪዎች ኮሌጅ ከገቡበት ቀን ጀምሮ የቤታቸውን ቋንቋ በሥራ ቦታ መናገር ክልክል ነው። የተናገረ በሂስ ስብሰባ ይቆማል። ቢንግ ሊዮንግ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ነበር፤ በእንቅልፉ እንኳ የሚቃዠው በሰሜኑ ቋንቋ ነው። እናም ሞት ሲመጣ በሆዱ የመጣለት የእናቱ ቃል ነው፣ አፉ ግን የኮሌጁን ልብስ አለበሰው። "ጻው" ሊል የነበረው ልጅ "ዞው! ዞው!" አለ። ድምፁ የሰሜን፣ ትርጉሙ የቤት።

የደቡብ ሰዎች በአቅራቢያው አልነበሩም። ሰሜኖቹ የሰሙት «እንሂድ! እንሂድ!» ነው። አንዱ ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ "ገና ነው ባክህ፣ የምሳ ፊሽካ አልተነፋም" አለው። ሌሎቹ ቅርጫታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ቀስ ብለው። ሱልዋን አካፋዋን ተደግፋ ሳቀችበት።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" አለችው።

እጇን ሊይዝ ሲንደረደር አፈሩ ቀደመው።

ከዚያ ወዲህ ቢንግ ሊዮንግ አልተናገረም። መሣሪያ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ዘግተውበት፣ በር ላይ ሁለት ተማሪ አቁመውበታል። ግዋት ኒዮ የእንፋሎት ዳቦ ይዛለት ስትገባ ተቀብሏት ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "ብላ እንጂ" አለችው። አየው ዳቦውን። "ምን ብለህ እንደጮህክ አንተ ራስህ ንገራቸው። አንድ ቃል ነው እኮ!" አለችው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። አናደዳት። በወንድሟ መናደዷ ደግሞ ሌላ ንዴት ጨመረባት። በር ላይ የቆመውን ልጅ ስትወጣ ገፍታው አለፈች።

በኮሌጁ ውስጥ ስለዚያ ቃል ቢመሰክር የሚታመን አንድ ሰው ነበር። መምህር ሆንግ የአፈር ትምህርት ያስተምራል። ፉጂያን ተወልዶ እዚያው ያደገ ነው፤ ባሕር ማዶ የሚሉት ሰው አይደለም። ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሐሳባችሁን በነፃነት ስጡ ተብለው ሲሰበሰቡ የዋህ ሆኖ ሐሳቡን ሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የደረሰበትን ካየ በኋላ አፉን ለምግብ ብቻ መክፈት ልማዱ ሆነ። አነጋገሩንም አጥቦ አጥቦ የደቡብ ሽታ አጥፍቶበታል። ግዋት ኒዮ ግን አንድ ጊዜ በር ጣቱን ሲቆነጥጠው የእናቱን ቋንቋ ሲያወጣ ሰምታዋለች።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሄደች። በቤታቸው ቋንቋ፣ "መምህር፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንዎ" አለችው።

እሱ በሰሜኑ ቋንቋ መለሰላት። "ድምፅሽን ቀንሺ፣ ልጄ። በሩንም ክፍት ተይው። ዘግተው አወሩ ይባላል።"

"«ጻው» ሩጥ ማለት እንደሆነ ይንገሯቸው። ሌላ ምንም አይበሉ።"

"እኔ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ረስቻለሁ።"

"የእናትዎን ቋንቋ?"

ምድጃውን መቆስቆስ ጀመረ። የሚቆሰቆስ ነገር አልነበረውም።

"ገደሉን አይተውታል አይደል? ከሥሩ ሲቦረቦር ቆመው ነበር። አፈር የሚያስተምሩ ሰው ነዎት።"

"አይቻለሁ።"

"እና?"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።"

"ዝንቡማ ሱልዋን አፍ ገባ!" አለችው። "ከነአፈሩ!"

መምህር ሆንግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ግን አላዘነችለትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው ብላ፣ በሩን በሚችለው ሁሉ ድምፅ ወርውራ ዘግታበት ሄደች።

ስብሰባው ምሳ በተበላበት አዳራሽ ውስጥ ተደረገ፤ ጎመኑ ገና ይሸታል። ከአውራጃ የመጣው ሰው ቀጭን፣ የሚያስል ሽማግሌ ነበር፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ከፊት ወንበር የሱልዋን አባት አለ፤ ፒፓውን ሳይለኩስ በጥርሱ ይዞ። ቢንግ ሊዮንግን አምጥተው መድረኩ ሥር አቆሙት።

ፓንግ ነገሩን ተረከው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ስለ መቦርቦሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተረከው። ከዚያ፣ "እህቱ ስለ ወንድሟ ድካም የምትለው ይኖራታል" አለና በዓይኑ ጠራት።

ግዋት ኒዮ ተነሣች። ሰሌዳው ላይ ያንን ፊደል በትልቁ ጻፈችው። "ይህን እናንተ «ዞው» ትሉታላችሁ፤ መሄድ ነው። እኛ «ጻው» እንለዋለን፤ መሮጥ ነው። ወንድሜ አልደከመውም። አፈሩ ሲናድ አይቶ ሩጡ ብሏችኋል። ደካማ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ራሱ ይሸሽ ነበር" አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። ፓንግ ሳቀ። "ምስክሩ እህቱ! ቋንቋውም የቤታቸው! እሺ፣ ከዚያ አገር የመጣ ታማኝ ሰው እንጠይቅ። መምህር ሆንግ፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው?"

መምህር ሆንግ ተነሣ። የተነሣ መስሎ ግማሹን ብቻ ነው የተነሣው። "በመደበኛው ቋንቋ መሄድ ማለት ነው" አለ።

"በአገርዎስ?" አለች ግዋት ኒዮ።

"የገጠር አነጋገር አላስታውስም።"

"ሰማችሁ?" አለ ፓንግ። "ተቀመጪ፣ ጓድ ው።"

ተቀመጠች። ፓንግ ማጠቃለል ቀጠለ። ፓንግ ሲያጠቃልል ደግሞ ክረምቱ ያልፋል፤ የምድጃው ሙቀትና የጎመኑ ሽታ ተጨምሮበት ሰው ማንጎላጀት ያዘ። መምህር ሆንግ ሦስት ወንበር ቀደም ብሎ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር፤ ማጅራቱን ታያለች። ያ ማጅራት ነው ያናደዳት። ምን እንደምታደርግ አላሰበችም። ብታስብ ኖሮ አታደርገውም ነበር። ብድግ አለችና ባላት ድምፅ ሁሉ፣ በእናቷ ቋንቋ ጮኸች።

"እሳት! ቤቱ ተያያዘ! ጻው! ጻው!"

መምህር ሆንግ እግሬ አውጪኝ አለ። የተቀመጠበትን ወንበር ገልብጦ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ፣ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ደረሰ። ከኋላው የባሕር ማዶ ተማሪዎች፣ የጃቫውም፣ የማላያውም፣ የካንቶኑ ዘርም፣ በጠረጴዛ ላይ እየዘለሉ ተከተሉት። ደቡብ ሁሉ በዚያ ቃል ይሮጣል። ሰሜኖቹ ግን በተቀመጡበት ቀሩ። ያንጎላጁት ነቅተው፣ አፋቸውን ከፍተው ሯጮቹን ያያሉ።

አንዲት የሰሜን ልጅ፣ የሱልዋን ጓደኛ ናት፣ ጎረቤቷን ነቅነቅ አድርጋ፣ "ወዴት ነው የሚሄዱት?" አለች።

አለችና ያለችውን ራሷ ሰማችው። ግድቡ ላይ ከሱልዋን ሁለት ክንድ ርቃ ነበር የቆመችው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ሳቅ የጀመራቸው ተዉት። በሩ ላይ መምህር ሆንግ በአንድ ጫማ ቆሞ፣ እሳት እንደሌለ አይቶ፣ ምን እንደሠራም ገብቶት፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መሄድ አቃተው። የሱልዋን አባት ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ለፓንግ አይደለም የተናገረው፤ መድረኩ ሥር ለቆመው ልጅ ነው።

"ልጄን፣ ሩጪ ነው ያልካት?"

ቢንግ ሊዮንግ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አባትየው ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ውሳኔው በማግሥቱ ተለጠፈ፤ ለማንበብ ሰው ተጋፋ። ልጁ ሥራ ለማሰናከል አልተነሣም፤ ሊያስጠነቅቅ ነው የጮኸው፤ በትምህርቱ ይቀጥላል ይላል። ግዋት ኒዮ እዚህ ድረስ አንብባ ለወንድሟ ልትነግር ዞራ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስታይ ግን ባለችበት ቀረች። የሰው ሕይወት የጠፋው በቋንቋ ጉድለት ነው ይላል። ከባሕር ማዶ የተመለሱ ተማሪዎች መደበኛውን ቋንቋ በሚገባ ስላላጠኑ ነው ይላል። ስለዚህ ሁሉም በየሰኞው ጠዋት የማስጠንቀቂያ ቃላት ልምምድ ያደርጋሉ፤ የሚመራው ጓድ ፓንግ ነው። ገደሉን ከሥር ቦርቡሩ ስላለው ሰው ቃል የለም። ሱልዋንን የገደላት ምላስ ነው። አፈርማ ምን አደረገ!

መምህር ሆንግ ስብሰባን ስላታለለ ከማስተማር ተነሥቶ ግድቡ ላይ አፈር እንዲሸከም ተፈረደበት። አልጋ ልብሱን ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታቸው ቋንቋ አናገራት።

"ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ያዳነውን ሰው፣ እግሬ አንድ ጊዜ ሮጦ ሸጠው" አለ፤ ሊስቅም ሞከረ።

አልቆጫትም አይባልም። የዚያ ሰው አንድ ጫማ አሁንም ዓይኗ ላይ ነበር። ግን ንዴቷ ከጸጸቷ ይበልጥ ነበር፤ ደግሞም እሱ ላይ ብቻ አልነበረም። አንዷን የደቡብ ልጅ የሌላው የደቡብ ሰው ወጥመድ አድርጎ፣ እሱ ራሱ ሙቅ ውሃውን ፉት የሚል ሰው አለ።

"አንዱን ቃል አንዴ ቢናገሩት ኖሮ፣ መምህር፣" አለችው፣ "መሮጥ አያስፈልግዎትም ነበር።"

"እውነትሽን ነው" አለና ሄደ። እውነትሽን ነው ማለቱ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

ሰኞ ጠዋት የባሕር ማዶ ተማሪዎች በግቢው ተሰለፉ። ውርጭ ነበር፤ ሰው ሲተነፍስ አፉ ይጨሳል። ሰሜኖቹ የገንፎ ሳሕናቸውን ይዘው ከመመገቢያው ሲወጡ ቆመው ያያሉ፤ አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይዝናናል። ፓንግ ቢሮው ደረጃ ላይ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

"ጓድ ው፣ ያንቺ አነጋገር ከሁሉም ይሻላል። አንቺ ትጠይቂያለሽ፣ እነሱ ይመልሳሉ። ጀምሪ።"

ግዋት ኒዮ ፊቷን ወደ ሰልፈኞቹ አዞረች። ቢንግ ሊዮንግ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው አፉን ዘግቶ።

"አፈር ሲናድ?" አለች።

"ፓው!" አለ ሰልፉ።

"እሳት ሲነሣ?"

"ፓው!"

"ምላስ፣ ምላስ!" አለ ፓንግ ከደረጃው። "ድምፁ ጠፍጣፋ ነው! እንደገና!"

"አፈር ሲናድ?"

"ፓው!"

ደጋገሙት። የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ የደረሰ ሰው፣ የመርከቡ ላይ መዝሙር ገና ከጆሮው ያልጠፋ ሰው፣ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ሩጥ ማለትን እንደ ሕፃን ይማራል፤ አንድም ሰው ግን ካለበት አይሮጥም። ግዋት ኒዮ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው፣ ስለዚህ አልጠረገችውም።

"አፈር ሲናድ?"

ያን ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ድምፅ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወጣ። የብዙ ቀን ዝምታ ያሻከረው ድምፅ ነው፤ ምላሱን ግን ወደላይ ጠቅልሎታል፣ እንከን አይወጣለትም።

"ሱልዋን፣ ፓው!" አለ ቢንግ ሊዮንግ። "ሱልዋን፣ ሩጪ!"

የፊት ረድፎቹ ዞረው አዩት።

"ስም አይጠራም!" ብሎ ጮኸ ፓንግ። "ስም በልምምዱ ውስጥ የለም! የታዘዘው ቃል ብቻ!"

ግዋት ኒዮ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ዞረች። ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ደረጃው፣ ወደ ፓንግ አደረገች። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ የጃቫውን በር ራሷ ፈርማ ዘግታዋለች፣ የሚሸሹበት አገር የለም።

"ሱልዋን!" ብላ ጠራች።

"ሩጪ!" አለ ከኋላዋ ግቢው።

"ሱልዋን!"

"ሩጪ!"

የሱልዋን ጓደኛ የገንፎ ሳሕኗን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ መጥታም ከቢንግ ሊዮንግ ጎን ቆመች። ቀጥሎ አንድ ሌላ ሰሜናዊ መጣ። ከዚያ ስንት እንደመጣ ግዋት ኒዮ አላየችም፤ ዓይኗን ከፓንግ ላይ አላነሣችም። ድምፁ ግን ከኋላዋ ሲወፍር ይሰማታል።

ፓንግ ፊሽካውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። የፊሽካው ድምፅ ለማንም አልተሰማም።